የኖርዘርሊ ደሴት ጉዳይ፦ በቺካጎ ሐይቅ ዳር ኤርፖርት እንዴት ወደ ፓርክ ተለወጠ

አንድ ከተማ በሐይቅ ዳር የራሱ መሬት ካለው ፓርክ መሥራት የሚከብደው አይመስልም። የሚነሳ ባለይዞታ የለም፤ የካሳ ክርክር የለም፤ መሬቱን ሽጥልኝ ተብሎ የሚለመን ሰውም የለም። የቺካጎው ኖርዘርሊ ደሴት ይህን ሁሉ ያሟላ ነበር። በ1909 በወጣ ፕላን ላይ ፓርክ ተብሎ ተሥሏል፤ መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ከመሀል ከተማው በእግር የሚደረስበት ነው። ሆኖም ከግማሽ ትንሽ የሚያንሰው ክፍሉ በፕላን ተሠርቶ የተመረቀው በ2015 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመካከሉ ባለው መቶ ዓመት ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ ኤርፖርትና የኮንሰርት መድረክ ተፈራርቀውበታል። የዚህን ቦታ ስም የሚያውቁ አብዛኞቹ ሰዎች የሚያስታውሱት ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ከንቲባው ቡልዶዘር ልከው የኤርፖርቱን መንደርደሪያ ያስቆፈሩበትን የ2003ቱን ሌሊት። ያ ሌሊት በእርግጥም ሊጠና ይገባዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከእርሱ በፊትና በኋላ የሆነው ነው። በሕዝብ የሐይቅ ዳር መሬት ላይ ለጊዜው ተብሎ የገባ ነገር በቀላሉ አይወጣም። መውጫው አስቀድሞ በውል ካልተጻፈ የሚወጣው በጉልበት ነው። በጉልበት የተገኘ ቦታ ደግሞ ፕላን ሳይኖረው ባዶውን ይገኛል፤ ባዶነቱም ሌላ ጊዜያዊ ነገር ይጠራል። ኖርዘርሊ ላይ ይህ ዑደት ከአንድ ጊዜ በላይ ታይቷል።

ከውሃ የወጣ መሬት

ቺካጎ ከሚሺጋን ሐይቅ በስተምዕራብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የሐይቅ ዳር መሬቷ ክርክርም የከተማዋ እኩያ ነው። በ1836 የቦይ መቆፈሪያ ገንዘብ ለማግኘት መሬት ሸንሽነው ይሸጡ የነበሩ ኮሚሽነሮች አንድ የሐይቅ ዳር ቁራጭ ሳይሸጡ አስቀሩ፤ ለዘላለም ክፍትና ከሕንፃ ነፃ ሆኖ የሚቆይ የሕዝብ ቦታ መሆኑንም በካርታቸው ላይ ጻፉበት። ነጋዴው ሞንትጎመሪ ዋርድ ከ1890 ጀምሮ ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ከተማዋን ፍርድ ቤት ያቆማት ያንን የካርታ ጽሑፍ ይዞ ነው። ዛሬ ግራንት ፓርክ ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቹ እስከ ሐይቁ ድረስ ዓይን የማይከለክል ሜዳ ሆኖ የሚታየው እርሱ ስለረታ ነው።

ሁለተኛው የሕግ መሠረት የመጣው ከባቡር ነው። የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት በ1869 ከአንድ ሺህ ኤከር በላይ፣ በእኛ ልኬት አራት መቶ ሄክታር ገደማ፣ በውሃ የተሸፈነ የሐይቅ ወለል ለኢሊኖይ ሴንትራል የባቡር ኩባንያ ሰጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ምክር ቤቱ ሐሳቡን ለውጦ ሕጉን ሻረው። ነገሩ በክርክር ቀጥሎ በ1892 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአራት ለሦስት ድምፅ ወሰነ፦ የሐይቁን ወለል መንግሥት ለሕዝብ በአደራ የያዘው ነው፤ እንደ ተራ ንብረት አንሥቶ ለግል ኩባንያ ሊያስተላልፈው አይችልም። ይህ ፍርድ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ በየሐይቁና በየባሕሩ ዳርቻ በሚነሣ ሙግት ሁሉ ይጠቀሳል።

ኖርዘርሊም የሐይቅ ወለል ነበር። አርክቴክቶቹ ዳንኤል በርናምና ኤድዋርድ ቤኔት በ1909 ያወጡት የቺካጎ ፕላን ከግራንት ፓርክ እስከ ጃክሰን ፓርክ ድረስ በሐይቁ ውስጥ በሙሌት የሚሠሩ የደሴቶች ሰንሰለት ያሳያል። ደሴቶቹ ሞገዱን ይሰብራሉ፤ በእነርሱና በዳርቻው መካከል ጸጥ ያለ የጀልባ መተላለፊያ ይኖራል፤ በላያቸው ደግሞ ፓርክ ይሆናል። ከሰንሰለቱ የተሠራው የሰሜኑ ጫፍ አንዱ ብቻ ነው፤ በ1920ዎቹ ሙሌቱ ተጀምሮ ወደ 37 ሄክታር የሚሆን መሬት ከውሃ ወጣ። ስሙም የሰሜኑ ደሴት ማለት ሆኖ ቀረ፤ ሌሎቹ ግን ከወረቀት አልወረዱም። በኋላም በመንገድ ከየብሱ ጋር ስለተያያዘ ዛሬ ደሴት ቢባልም ልሳነ ምድር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የበርናም ደሴቶች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ ተብለው የታሰቡ ናቸው። አንዱ ብቻውን ሲቆም የምሥራቅ ጎኑ በቀጥታ ለሚሺጋን ሐይቅ የተጋለጠ ነው። ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሣ የመኸርና የክረምት ነፋስ በዚያ ሁሉ ርቀት ላይ ሞገዱን እያሳደገ ያመጣል። ይህ ጉዳይ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

የሐምሳ ዓመቱ ውል

መሬቱ እንደተሞላ በሰሜን ጫፉ አድለር ፕላኔታሪየም በ1930 ተከፈተ። በ1933 እና በ1934 የከተማዋን መቶኛ ዓመት ያከበረው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በደሴቱና በአጠገቡ ባለው በርናም ፓርክ ላይ ተካሄደ። ኤግዚቢሽኑ አለቀ፣ ድንኳኖቹ ተነሡ፤ ደሴቱን ፓርክ ለማድረግ ግን የተመደበ በጀትም የተዘጋጀ ዝርዝርም አልነበረም። ዘመኑም የኢኮኖሚ ድቀትና የጦርነት ዘመን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቺካጎ ቦታውን ለተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤትነት አቀረበች፤ ኒውዮርክ ቀደማት።

ባዶ የተቀመጠውን መሬት የአቪዬሽን ደጋፊዎች ፈለጉት። መሀል ከተማው አፍንጫ ሥር ያለ ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ውሃ የሚከፈቱ መሬት ለትንንሽ አውሮፕላኖች ተስማሚ ነው። ኤርፖርቱ ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ሥራ ጀመረ፤ በጋዜጣ አሳታሚነቱና በአቪዬሽን ወዳድነቱ በሚታወቀው በሜሪል ሜግስ ስም ሜግስ ፊልድ ተባለ። በ1955 በአገሪቱ አንድ መንደርደሪያ ብቻ ካላቸው ኤርፖርቶች ሁሉ ብዙ በረራ የሚያስተናግድ ሆኖ ነበር። መንደርደሪያው 1,200 ሜትር አይሞላም። ነጋዴዎች፣ የሕመምተኛ ማመላለሻዎች፣ ከመዲናዋ ስፕሪንግፊልድ የሚመላለሱ የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣናት ይጠቀሙበት ነበር። ቺካጎን ረግጠው የማያውቁ የኮምፒውተር ተጫዋቾች እንኳ ያውቁታል፤ የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ለብዙ ዓመታት የሚጀምረው ከዚህ መንደርደሪያ ነበር።

የባለቤትነቱ አወቃቀር ለጉዳያችን ወሳኝ ነው። መሬቱ የቺካጎ ፓርክ ዲስትሪክት ነው፤ ይህ ተቋም በ1934 የከተማዋን 22 የተበታተኑ የፓርክ ኮሚሽኖች አዋህዶ የተመሠረተ፣ የራሱ ቦርድና የራሱ ግብር ያለው አካል ነው። ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረው ደግሞ ከተማው ነው። ከተማው መሬቱን ከፓርክ ዲስትሪክቱ በሐምሳ ዓመት ኪራይ ወሰደ። ሁለቱም የሕዝብ ስለሆኑ ውሉ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ እንደማዛወር ተቆጠረ። ግን ሐምሳ ዓመት ማለት የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማማ ተሠራ፣ ተርሚናል ተሠራ፣ የፌዴራል ገንዘብ ገባ፣ ቦታውን መብቴ ነው የሚል ትውልድ አደገ። ፓርክ ሊሆን የነበረ መሬት ላይ የተቀመጠ ኤርፖርት መሆኑ ተረሳና ኤርፖርቱን ሊያጠፋ የመጣ ፓርክ ተባለ። ሲያሳስቅ ይወስዳል የሚባለው ውሃ እንዲህ ነው የሠራው።

ውሉ በሴፕቴምበር 1996 አበቃ። ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ቀደም ብለው እንደማያድሱትና ቦታውን ፓርክ እንደሚያደርጉት አስታውቀው ነበር፤ ኤርፖርቱም ተዘጋ። እዚህ ድረስ ሁሉም በግልጽና በሕግ የሄደ ነው። የጎደለው የሌሎቹን አቅም መገመት ነበር። የኢሊኖይ ምክር ቤት ኤርፖርቱን ከከተማው ወስዶ በክፍለ ግዛቱ ሥር የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ሙግት ተጀመረ። በ1997 መጀመሪያ ከንቲባው ከክፍለ ግዛቱ ገዥ ከጂም ኤድጋር ጋር ተስማሙ፦ ኤርፖርቱ ለአምስት ዓመት ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ከተማው የፈለገውን ያደርጋል።

አምስቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል ሌላ ድርድር መጣ። በዲሴምበር 2001 ዴሊና አዲሱ ገዥ ጆርጅ ራያን በአንድ ጥቅል ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ትልቁ የኦሄር ኤርፖርት ይስፋፋል፣ ከከተማው በስተደቡብ አዲስ ኤርፖርት ይታሰባል፣ ሜግስ ፊልድም ሌላ ሃያ አምስት ዓመት ይቆያል። የከተማው ጉዳይ ኦሄር ነበር፤ ፓርኩን መያዣ አድርጎ አቀረበው። ስምምነቱ በፌዴራል ሕግ እንዲጸና ወደ ዋሽንግተን ተላከ፤ እዚያ ሴኔቱ ውስጥ ተሰናክሎ በ2002 መጨረሻ ሳይጸድቅ ቀረ።

የዚህን ዘመን ድርድር ስመለከት የሚቆጨኝ ፓርኩ በማንም ጠረጴዛ ላይ በራሱ ጉዳይነት አለመቅረቡ ነው። በ1996 የኤርፖርቱ ባላንጣ ነበር፤ በ2001 የኦሄር መለወጫ ሆነ። ከ1996 እስከ 2003 ባሉት ሰባት ዓመታት ፓርኩ ምን እንደሚመስል፣ ማን እንደሚሠራው፣ ዓመታዊ ጥገናው ከየት እንደሚከፈል በሕዝብ ፊት ተወስኖ፣ በደንብ ጸድቆ፣ በጀት ተይዞለት ቢሆን ኖሮ የሚከላከልለት ሰው ብቻ ሳይሆን የሚከላከልበት ሰነድም ይኖረው ነበር። ቺካጎ በ1973 የሐይቅ ዳር ጥበቃ ደንብ አውጥታለች፤ ደንቡ በዳርቻው ላይ አዲስ ግንባታ በፕላን ኮሚሽን እንዲመረመር ያስገድዳል። ቀድሞ የቆመ ነገርን ለማንሣት ግን አያግዝም።

ማርች 30 ቀን 2003

ዕለቱ እሑድ ነው። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በፖሊስ የታጀቡ የከተማው የግንባታ መኪናዎች ወደ ደሴቱ ገቡ። ቡልዶዘሮቹ መንደርደሪያው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስድስት ትልልቅ የኤክስ ምልክቶችን ቆፈሩ። ምልክቱ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ በአቪዬሽን ሥርዓት መንደርደሪያ መዘጋቱ ለአብራሪ የሚነገረው በኤክስ ነው። በቀለም ቢጻፍ ሊጠፋ ይችላል፤ በአስፋልቱ ውስጥ ተቆፍሮ ግን አንድም አውሮፕላን አይነሣም፣ አንድም አያርፍም። ሲነጋ አሥራ ስድስት አውሮፕላኖች ቆመው ቀሩ። በኋላ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ፈቅዶላቸው ከመንደርደሪያው ጎን ባለው መሄጃ መንገድ ላይ ተንደርድረው ወጡ።

ከንቲባው የሰጡት ምክንያት ጸጥታ ነበር። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሰማይ ጠቀሶቹ አጠገብ መብረራቸው ያሰጋል አሉ። ነገር ግን የከተማው አስተዳደር አስቀድሞ የፌዴራሉን የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አላማከረም። የከተማው ምክር ቤትም በጉዳዩ ላይ አልመከረም። ከንቲባው ራሳቸው ነገሩን በሌላ መንገድ ማድረግ አላስፈላጊ ጭቅጭቅ ያስነሣ ነበር ብለዋል። በእኔ ግምት ከጸጥታው ይልቅ ይኸኛው ቃል ለእውነቱ ይቀርባል።

የኤርፖርቱ ወዳጆች ከሰሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባቸው፤ ክሱ መንደርደሪያውን አላስመለሰም፣ በዚያው ዓመት የመንደርደሪያው ቀሪ ክፍል ፈረሰ። ተጠያቂነቱ በሌላ በር መጣ። አንድ ኤርፖርት ሲዘጋ ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከሠላሳ ቀን በፊት ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ከተማው አላስታወቀም። በወቅቱ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት በቀን 1,100 ዶላር ስለነበር ድምሩ 33,000 ዶላር ሆነ። ለቺካጎ ይህ ገንዘብ አይባልም፤ ኮንግረሱም በኋላ ቅጣቱን በቀን ወደ 10,000 ዶላር ከፍ አደረገው። የከበደው ሌላው ነው። ከተማው ለማፍረሻውና ለፓርኩ ሥራ የፌዴራል የኤርፖርት ማልሚያ ገንዘብ መጠቀሙ ተደረሰበት። በ2006 ከተማው ይግባኙን ትቶ ቅጣቱን ለመክፈልና 1 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ።

የዚያን ሌሊት ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ በቁም ነገር ልመልስለት እፈልጋለሁ። በ1996 በግልጽ ተሞክሮ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኤርፖርቱን ሊቀማ ነበር ይላሉ፤ የሠላሳ ቀን ማስታወቂያ ቢወጣ ኖሮ በሠላሳው ቀን ውስጥ የእግድ ትእዛዝ ወይም ሌላ ሕግ ይመጣ ነበር፤ ዛሬም እዚያ አውሮፕላን ይነሣ ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። የሆነውን ከላይ አይተናል።

ነገር ግን የ1997ቱ ስምምነት በ2002 መጀመሪያ አብቅቷል፤ የ2001ዱ ደግሞ ሳይጸድቅ ሞቷል። በማርች 2003 ከተማው መሬቱንም መብቱንም በእጁ ይዟል። የጎደለው ሕጋዊ ሥልጣን ሳይሆን በሕዝብ ፊት ቆሞ ለመከራከር የሚያስችል የተዘጋጀ ፓርክ ነው። ሌሊቱን ያስፈለገው ያ ባዶነት ይመስለኛል። የሐይቅ ዳር ፓርክን ሲደግፉ የኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ በውጤቱ እየተደሰቱ በአኳኋኑ አፍረዋል፤ ዛሬ ለፓርክ በሌሊት የሚቆፍር ቡልዶዘር ነገ ለሕንፃ በሌሊት ፓርክ ሊቆፍር ይችላልና። በአደራ በተያዘ መሬት ላይ አደራውን የሚጠብቀው ሥርዓቱ ነው።

ሁለተኛው ጊዜያዊ

መንደርደሪያው ከተነሣ በኋላ ሣርና የአበባ ተክል ተዘራ፣ የእግር መንገድ ወጣ፣ የተርሚናሉ ሕንፃ ለፓርኩ አገልግሎት ዋለ። ሰው በሐምሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሜን እስከ ደቡብ በእግሩ መሄድ ቻለ፤ ይህን ማሳነስ አይገባም። ከደሴቱ ጀርባ ዞር ብሎ ከተማዋን ከውሃ በኩል ማየት ቺካጎ ውስጥ በነፃ ከሚገኙ ነገሮች ምርጡ ነው።

አጠቃላይ ፕላን ግን አልነበረም። በ2005 በደሴቱ ላይ የኮንሰርት መድረክ ተተከለ። ጊዜያዊ ነው ተባለ፤ አሠራሩም ተነቃቃይ ነው፤ ለፓርክ ዲስትሪክቱም ገቢ ያስገኛል። የመጀመሪያው መድረክ ጥቂት ሺህ ወንበር ነበረው። በ2013 ሜዳው ተጨምሮበት እስከ 30,000 ሰው የሚይዝ ሆነ። ስሙ ከባንክ ወደ ባንክ እየተቀያየረ ቀጥሏል።

ሙዚቃን አልቃወምም። በበጋ ምሽት ሐይቅ ዳር ኮንሰርት መስማት ለከተማ ሰው ደስታ ነው፤ ፓርክ የሚያስተዳድር ተቋምም ገቢ ያስፈልገዋል። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ነው። ገቢ የሚያመጣው ነገር ከፕላኑ በፊት ከተተከለ ፕላኑ ሲመጣ እርሱን ዞሮ ለማለፍ ይገደዳል። አጥሩ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የዕቃ መጫኛ መግቢያው፣ የድምፅ ክልሉ ሁሉ ቦታ ይይዛሉ። በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ በየዓመቱ የሚገባውን ገንዘብ ከሠንጠረዡ ላይ ለማንሣት እጁ አይታዘዘውም። ኤርፖርቱ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የሚጠቀምበት ሰው ስለነበረና ቦታውን የሚጠይቀው ፓርክ ገና ምኞት ስለነበረ።

በዚህ መሀል ቺካጎ የ2016ቱን ኦሎምፒክ ለማዘጋጀት ባቀረበችው እቅድ ውስጥም ደሴቱ ገብቶ ነበር። በኦክቶበር 2009 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ስትመረጥ ያም ቀረ። ከኤግዚቢሽኑ ወዲህ አራት ሐሳቦች ቆጥረናል፦ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት፣ ኤርፖርት፣ የኮንሰርት መድረክ፣ ኦሎምፒክ፤ ከአራቱ አንዱም የመጣው ደሴቱ ምን ያስፈልገዋል ከሚል ጥያቄ አልነበረም።

የ2010ሩ ማዕቀፍ

ጥያቄው በትክክል የተጠየቀው መንደርደሪያው ከፈረሰ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በአርክቴክት ጂን ጋንግ የሚመራው ስቱዲዮ ጋንግ ከመልክዓ ምድር ነዳፊዎች ጋር ሆኖ በ2010 ማዕቀፍ ፕላን አዘጋጀ። ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የላቀው ሰነድ ይህ ነው። ሐሳቡ ከተማና ተፈጥሮን በአንድ ልሳነ ምድር ላይ በደረጃ ማሸጋገር ነው፤ ሰሜኑ ለሙዚየሞቹና ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ለብዙ ሰውና ለእንቅስቃሴ፣ ደቡቡ ለእርጥብ መሬት፣ ለሣር ሜዳ፣ ለዛፍና ለወፍ። ቺካጎ በየፀደዩና በየመኸሩ ሚሊዮኖች ተሰዳጅ ወፎች በሚያልፉበት መስመር ላይ ናት፤ ሐይቁን ተከትለው ለሚበሩ ወፎች ከውሃው ጠርዝ ያለ ቁጥቋጦ ማረፊያና መመገቢያ ነው።

ፕላኑ በየብስ አላቆመም። ከምሥራቅ ዳርቻው ፊት ለፊት በውሃ ውስጥ ሪፍ፣ ማለትም ሞገድ የሚሰብር የድንጋይ ክምር፣ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ሪፉ ሞገዱን ከዳር ሳይደርስ ይሰብረዋል፤ በሪፉና በዳርቻው መካከል ጸጥ ያለ ገንዳ ይፈጠራል፤ በዚያ ዓሣ ይራባል፣ ሰው በጀልባ ይቀዝፋል። በመቶ ዓመት ርቀት የበርናምን የደሴት ሰንሰለት ተግባር የሚተካ ሐሳብ ነው።

ገንዘቡ የተገኘው ለየብሱ ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር በታላላቆቹ ሐይቆች የዓሣ ሀብትና ሥነ ምሕዳር ለመመለስ ባለው ፕሮግራም በኩል ገባ፤ ወጪው 65 በመቶ ከፌዴራል፣ 35 በመቶ ከአካባቢው የሚሸፈን ነው። ሥራው በ2012 ተጀመረ። ጠፍጣፋው መሬት ተቆፍሮ ኩሬ ወጣለት፣ የተቆፈረው አፈር ኮረብታ ሆነ፣ አገር በቀል ሣርና ዛፍ ተተከለ፣ ዙሪያውን የእግርና የብስክሌት መንገድ ዞረ። በሴፕቴምበር 2015 ደቡባዊው 16 ሄክታር ለሕዝብ ተከፈተ። ሪፉ አልተሠራም ነበር።

ሐይቁ

የሚሺጋን ሐይቅ ከፍታ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ዝናቡ፣ ከወንዞች የሚገባው ውሃና ከላዩ የሚተነው ይወስኑታል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሐይቁ ዝቅ ብሎ ቆይቷል፤ በጃንዋሪ 2013 ልኬቱ ከተጀመረ ወዲህ ያልታየ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ደረሰ። ከዚያ ተገለበጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ወጥቶ በ2020 ለተከታታይ ወራት የወሩን ከፍተኛ ልኬት ሰበረ። የኖርዘርሊ ፕላን የተነደፈውና ሥራው የተጀመረው ሐይቁ ከዳሩ ርቆ በነበረበት ዘመን ነው። ፓርኩ ሲከፈት ውሃው እየወጣ ነበር።

በምሥራቅ በኩል ያለው መንገድ ብዙም ሳይቆይ ይጎዳ ጀመር። አጥፊው ትልቁ ማዕበል ብቻ አይደለም። ሞገዱ በመከላከያው ድንጋዮች መካከል ገብቶ ሲመለስ ከኋላ ያለውን ደቃቅ አፈር ይዞ ይወጣል። ከላይ መንገዱ ደህና ይመስላል፣ ብስክሌትም ይሄድበታል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። አንድ ቀን ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ወደ ውሃው ያጋድላል፣ በክረምት በላዩ የሚረጨው ውሃ በረዶ ሆኖ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ሙሌት መሬት ላይ ይህ ይበልጥ ይፈጥናል፤ አፈሩ በተፈጥሮ ያልተጠቀጠቀ ነውና። ፓርክ ዲስትሪክቱ የምሥራቁን መንገድ ክፍሎች ለመዝጋት ተገደደ፤ አዲስ ፓርክ በአጥርና በማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተከፈለ።

ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ቀላል ነው። ሆኖም ሪፉ የቀረው ሰው ስላላሰበበት አይደለም፤ በ2010 ታስቦ ተሥሏል። የቀረው የገንዘቡ ምንጭ የሥነ ምሕዳር ፕሮግራም ስለነበረ ነው። የዚያ ፕሮግራም ገንዘብ ኩሬ ለመቆፈርና አገር በቀል ሣር ለመትከል የተመደበ ነው፤ ዳርቻን ከሞገድ መከላከል በሌላ መዝገብ የሚጠየቅ፣ በሌላ ጥናት የሚጸድቅ፣ ከየብሱ ሥራ ይልቅ ብዙ የሚያስወጣ ነው። ፓርክ ዲስትሪክቱ በእጁ የገባውን ገንዘብ ይዞ የሚችለውን ሠራ፤ የተሻለ ጊዜ እስኪመጣ ደሴቱን እንደገና ባዶ ቢያስቀምጠው ኖሮ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ታሪኩ ያሳያል።

እኔ በፕላን ቡድኑ ወንበር ብቀመጥ ኖሮ በምሥራቅ ዳር ቋሚ መንገድ አልዘረጋም ነበር። ዋናውን መንገድ ወደ ኮረብታዎቹ ውስጠኛ ጎን ስቤ፣ ወደ ውሃው የሚወርዱትን ቅርንጫፎች ሪፉ እስኪሠራ ድረስ በጠጠር አደርጋቸው ነበር፤ ጠጠር ማዕበል ቢወስደው በሳምንት ይመለሳል። የቀረውን የኮንክሪት ገንዘብ ደግሞ ለሪፉ ጥናት አውለው ነበር፤ ጥናቱ ያለቀ ሥራ የገንዘብ በር በተከፈተ ቀን ሰልፉ ፊት ላይ ይቆማልና።